አዝሙድ ያለበት ፍርፋሪ

እትዬ ሠናይት ዳቦ መጣል አይችሉም። አልፈልግም ማለታቸው አይደለም፤ እጃቸው አይታዘዝላቸውም። ካልጋሪ በገቡ በሦስተኛው ወር አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ኪችን ውስጥ ተቀጠሩና ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ትራፊ ሲደፉ ኖሩ። ያልተነካ ቶስት፣ ማንኪያ ያልገባበት ሾርባ፣ ከላዩ ብቻ የተቀመሰ ኬክ፣ ሁሉም ወደ ጥቁሩ ከረጢት ይወርዳል። «ፖሊሲ ነው» ይሏቸዋል። እሳቸውም በሆዳቸው «ይቅር በለኝ» እያሉ ይደፋሉ። ጡረታ በወጡበት ዕለት ካርዱ ተፈርሞ፣ ፎቶው ተነሥቶ ሲያበቃ የተረፈውን ኬክ በፎይል እየጠቀለሉ ማሉ፤ ከእንግዲህ በዚህ እጅ እህል ወደ ቆሻሻ አይወርድም።

መማሉ ቀላል ነው። ችግሩ ማኅበሩ ነበር። እትዬ ሠናይት በየወሩ በሃያ አንድ የእመቤታችንን ማኅበር ይጠጣሉ። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ዕለቱ የሥራ ቀን ላይ ከዋለ ወደ ቅዳሜ ይገፋል። ተራው የደረሳት ሴት ካለፈችው ላለማነስ ስትል ለአሥራ ሁለት ሰው ሳይሆን ለአንድ ሻለቃ ጦር የሚበቃ ድፎ ዳቦ ትጋግራለች። ያ ዳቦ ደግሞ ተራ ዳቦ አይደለም፤ አባ ገብረመድኅን ጸልየው ባርከው የቆረሱት ነው። ከተማው ለየቤቱ የምግብ ትራፊ የሚጣልበት አረንጓዴ በርሜል አድሏል፤ የማርያም ዳቦ እዚያ ውስጥ ሲገባ ግን ማን ቆሞ ያያል? ስለዚህ ትራፊው ሁሉ እየተጠቀለለ እትዬ ሠናይት ፍሪዘር ውስጥ ይከተት ጀመር።

ወፎቹ የመጡት በስኳር በሽታ በኩል ነው። ሐኪሙ «በቀን አርባ ደቂቃ ይራመዱ፤ ዳቦም ይቀንሱ» አላቸው። መራመዱን ተቀበሉ፤ ሁለተኛውን እንዳልሰሙ ሆነው ወጡ። በብርዱ ወራት ሰንሪጅ ሞል ውስጥ ከሌሎች ጡረተኞች ጋር መዞር ጀመሩ፤ ከጫማ ቤት እስከ ስልክ ቤት፣ ከስልክ ቤት እስከ ጫማ ቤት። የማይገዙትን ጫማ በየቀኑ ማየት ሲሰለቻቸው፣ የካቲት ላይ አንድ ጠዋት ከዋይትሆርን ጣቢያ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ወንዙ ዳር ፓርክ ወረዱ።

ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ነበር። ቦው ወንዝ ግን ዳር ዳሩ ብቻ ረግቶ መሐሉ ይፈሳል፤ ላዩ ይጤሳል፤ በዚያ ጭስ ውስጥ ዳክዬዎች ይዋኛሉ። ሦስት ካልሲ ደርበው የመጡት እትዬ ሠናይት በባዶ እግራቸው እዚያ ውኃ ውስጥ የገቡትን ፍጥረታት ሲያዩ ደነገጡ። «እናንተ ልጆች፣ አበዳችሁ እንዴ!» አሉ ጮክ ብለው። ጥቁር ቆብ ያጠለቀች አንዲት ሚጢጢ ወፍ ከቅርንጫፍ ላይ ሆና መለሰችላቸው። ልጃቸው ቫንኩቨር ናት፤ ድምፅዋ የሚመጣው እሑድ እሑድ በስልክ ነው። ጠዋት የሚያናግራቸው ካገኙ ቆይተዋልና በማግስቱ ተመልሰው መጡ።

በሦስተኛው ቀን ኪሳቸው ውስጥ ዳቦ ነበረ። መግቢያው ላይ ምልክት መኖሩን አላዩም አይባልም፤ አይተዋል። ምልክቱ ላይ አንድ ቁራጭ ቶስት ተሥሎ በቀይ መስመር ተሰርዟል። እትዬ ሠናይት ቆመው መረመሩት። የተሣለው የሱፐርማርኬት ዳቦ ነው፤ መድኃኒት ተጨምሮበት ሦስት ሳምንት የማይሻግተው። እሱንስ መከልከላቸው ደግ አደረጉ፤ ሰውም ባይበላው ይሻለው ነበር። የእሳቸው ግን በእጅ የተቦካ፣ ጥቁር አዝሙድ የገባበት፣ የተባረከ ነው። የፈረንጁን ዳቦ ከለከሉ እንጂ የማርያምን ዳቦ ማን ከለከለ? ሰው የሚፈልገውን ነገር ለራሱ ለማስረዳት ጠበቃ አይቸግረውም።

እንዲህ ሆኖ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ከአኻያዎቹ ሥር፣ ዳቦ መፈርፈር የቀን ሥራቸው ሆነ። መጋቢት ሲጋመስ ዝይዎች እየተንጫጩ ከደቡብ መጡ። ሚያዝያ ላይ ሰፋፊ ነጫጭ ፔሊካኖች ወረዱ። አንድ ረጅም ግራጫ ወፍም መጥቶ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ አንገቱን ሰብሮ ቆመ፤ መቋሚያ ተደግፎ ማኅሌት የቆመ ደብተራ መሰላቸውና «አለቃ» አሉት። አለቃ ዳቦ አይበላም፤ ዓሣ ካልሆነ ዞር ብሎም አያይ። «በጾም ወራት እንኳ?» ብለው ገሠጹት።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከኋላቸው ድምፅ ሰሙ።

«እትዬ ሠናይት? ኦ ማይ ጋድ፣ እርስዎ ነዎት?»

ሩሐማ ናት፤ የማኅበርተኛቸው የጽጌሬዳ ልጅ። እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የምትማር፣ ለሰመር ፓርኩ ውስጥ ተቀጥራ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰች።

«በርድ ዋቺንግ ያደርጋሉ? ሶ ኩል! ማሚ ነግራኝ አታውቅም።»

እትዬ ሠናይት ወፍ ማየት ስም ያለው ሥራ መሆኑን ያወቁት ያን ዕለት ነው። ሩሐማ የራሷን የሩቅ ማያ መነጽር አውልቃ አንገታቸው ላይ አንጠለጠለችላቸው። በሁለተኛው ሳምንት ብርቱካንማ የበጎ ፈቃደኛ ሰደርያ አመጣችላቸው፤ በየማክሰኞው ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አብረው እየዞሩ ወፍ እንዲቆጥሩ። የሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ልብሳቸው ሽርጥ ነበር፤ ሽርጥ ለብሶ የሚሄድን ሰው ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ሰደርያውን ለብሰው ሲያልፉ ግን ፈረንጆቹ እያቆሙ «ያ ወፍ ምንድን ነው?» ይሏቸዋል። በቤታቸው ሰደርያው የሚሰቀለው ከበዓል ቀሚሳቸው ጎን ነበር።

በግንቦት ልደታ ዕለት አምስት ጫጩቶች ከአኻያው ሥር ወጡ። ቢጫ ናቸው፤ እናት ከፊት፣ አባት ከኋላ፣ እነሱ መሐል። አምስተኛዋ ትንሽ ናት፤ ሁልጊዜ ትዘገያለች፤ ሌሎቹ ውኃ ሲገቡ እሷ ገና ድንጋዩ ላይ እየተንገዳገደች ነው። እትዬ ሠናይት ልባቸው ለዚያች ለዘገየችው ሄደ። «የማሳረጊያ ልጅ ናት» አሉ፤ ስሟም ማሳረጊያ ሆኖ ቀረ። ሌሎቹ ከወደቀው ይለቅማሉ፤ ማሳረጊያ ግን ከመዳፋቸው ትበላለች። «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» ሲሏት ከወዲያኛው ዳር ድረስ ሰምታ ውኃውን ሰንጥቃ ትመጣለች። ወሬው ማኅበር ውስጥ ስለተሰማ የክርስትናውም፣ የሠርጉም፣ የዝክሩም ትራፊ ወደ እትዬ ሠናይት ፍሪዘር ይጎርፍ ጀመር። ጽጌሬዳ ራሷ ከሁሉ በላይ የምትጠቀልል ነበረች፤ «ለወፎችዎ» ትላለች።

ሰኔ አሥራ ሰባት ቀን ማክሰኞ ነበር። ሩሐማ እንደ ወትሮው አልሳቀችም። መነጽሩን ወደ ውኃው አቅጣጫ አስያዘቻቸው።

«ያቺን ቤቢ አዩዋት? የመጨረሻዋን? ዊንጓን ይዩ።»

እትዬ ሠናይት አዩ። የማሳረጊያ ግራ ክንፍ ጫፉ ወደ ውጭ ዞሯል፤ ነፋስ እንደ ገለበጠው ጃንጥላ ተነጥሎ ወጥቷል።

«ተሰበረች?»

«ኖ። ብሬድ ነው። ሰው ፊድ እያደረጋት ነው። ብዙ ብሬድ ስትበላ ላባው ቶሎ ያድጋል፣ ይከብዳል፣ ቦኑ፣ አጥንቱ ማለት፣ ገና ነው፣ ሶ ይጠመዘዛል። አንዳንድ ሳይንቲስት ሌላ ሪዝንም አለ ይላል፤ ግን ማናጀሬ ብሬድ ነው ነው የምትለው።» ሩሐማ ወደ መሬት አየች። «አሁን ከያዝናት፣ ዊንጓን ራፕ አድርገው ሊያስተካክሉት ይችላሉ። አንድ ሳምንት፣ ማክሲመም አሥር ቀን። ከዚያ ቦኑ ይደርቃል። ኔቨር አትበርም። ዊንተር ሲመጣ ደግሞ ካዮቲ፣ ያ እንደ ቀበሮ ያለው…»

አልጨረሰችውም። ከጃኬቷ ኪስ አንድ ትንሽ ላስቲክ ከረጢት አወጣች። ውስጡ ፍርፋሪ አለ፤ በፍርፋሪው ላይ ጥቁር አዝሙድ።

«ከዛፎቹ ሥር ያገኘሁት» አለች። ፈጥና መልሳ ኪሷ ከተተችው።

እትዬ ሠናይት አዝሙዱን አወቁት። አሁን መናገር ነበረባቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን «እግዜር ይማራት» የሚል ብቻ ነው። ሆድ ይፍጀው አሉና ቆጠራቸውን ቀጠሉ። ፔሊካን ሰባት፣ ዳክዬ ሠላሳ አንድ። የዝይዎቹን ቁጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ።

ቤታቸው ገብተው አልበሉም። የሚያበሳጨው ነገር ይህ ነው፤ ክፋት ሠርተው ቢሆን ይቀላቸው ነበር። ክፉ ሰው ሲጸጸት ቢያንስ የሚጸጸትበትን ያውቃል። እሳቸው ግን የጎዷት በሚወዳት እጅ፣ በተባረከ ዳቦ፣ እየሳሟት ማለት ይቻላል። ፍሪዘሩን ከፍተው የተደረደረውን ፎይል አዩና መልሰው ዘጉት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ዳቦ አልያዙም። እግራቸው ግን አልቀረም። አንድ ሰዓት ላይ ሲደርሱ ማሳረጊያ ከውኃው ወጥታ፣ ያን የተገለበጠ ክንፍ እየጎተተች ጫማቸው ድረስ ትመጣለች። ባዶ መዳፋቸውን በምንቃሯ ነካ ነካ ታደርጋለች። እትዬ ሠናይት ዞረው ይሄዳሉ፤ እሷም ጥቂት ትከተላቸዋለች።

ሐሙስ ዕለት ሩሐማና ማናጀሯ መረብ ይዘው መጡ። አባትየው ዝይ ከሩቅ አይቷቸው ጮኸ፤ ቤተሰቡ ተግተልትሎ ወንዙ መሐል ወዳለው ደሴት ተሻገረ። ዓርብም እንዲሁ ሆነ። እትዬ ሠናይት በሰደርያቸው ዳር ቆመው አዩ። ማንም ሰው በሃያ እርምጃ እንደማይቀርባት፣ እሳቸው ግን ቢጠሯት እንደምትመጣ በዚያ ፓርክ ውስጥ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቢጠሯት ደግሞ ለምን እንደምትመጣ ሁሉም ያውቃል።

ቅዳሜ ሰኔ ሃያ አንድ ማኅበሩ ጽጌሬዳ ቤት ነበር። ገበታው ላይ ንፍሮ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ጥቅል ጎመን አለ፤ ዳቦው ግን የተገዛ ነበር። ሴቶቹ ተያዩ።

«አትዩኝ» አለች ጽጌሬዳ። «በዚህ ቤት ዳቦ መጋገር ወንጀል ሆኗል። ከሰሞኑ ሩሐማ ምን እንደ ነካት እንጃ፤ አዝሙድ ዱቄት ውስጥ ስጨምር አይታ ‹ማሚ፣ ጠዋት ጠዋት ወዴት ነው የምትሄጂው?› አለችኝ። ሺፍቴ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚጀምር አታውቅም? ልጄ፣ የራሴ ልጅ፣ እንደ ሌባ ታየኛለች። ሦስት ቀን ሆነን ከተነጋገርን።»

እትዬ ሠናይት የያዙት ብርጭቆ ከአፋቸው ሳይደርስ ቀረ። ያ ከረጢት በፍጥነት ወደ ኪስ የገባው ለምን እንደሆነ አሁን ገባቸው። ልጅቷ የፈራችው ለገዛ እናቷ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ይሉታል ይሄ ነው፤ እከኩን ያላከኩት ደግሞ እሳቸው ናቸው፤ ዝም በማለታቸው።

አባ ገብረመድኅን ጸሎት አሳርገው ሲወጡ እትዬ ሠናይት ኮሪደሩ ላይ፣ የአሥራ ሁለት ሴት ጫማ የተከመረበት ቦታ ላይ ያዟቸው።

«አባ፣ የምናዘዘው አለኝ።»

«እዚህ? በይ ንገሪኝ ልጄ።» አባ በዕድሜ ከእሳቸው ስምንት ዓመት ያንሳሉ፤ የንስሐ አባት ግን ሁልጊዜ አባት ነው።

«ዝይ ጎዳሁ።»

«ምን ጎዳሽ?»

«ዝይ። የወንዝ ወፍ ናት። በዳቦ።»

አባ ገብረመድኅን በሠላሳ ዓመት ክህነታቸው ሐሜቱንም፣ ቅናቱንም፣ ጾም መግደፉንም ሰምተዋል። ይህ አዲስ ነበር። እትዬ ሠናይት ከምልክቱ ጀምረው እስከ ጽጌሬዳ ልጅ ድረስ፣ አውቀው በድፍረት ሳያውቁ በስሕተት የሠሩትን ሁሉ ሳያስቀሩ ነገሯቸው። አባ መስቀላቸውን አሻሹ።

«ስግደት ልሰጥሽ እችላለሁ» አሉ። «አርባ ለጉልበትሽ ይከብዳል፤ ሃያ ይበቃል። ግን እኔ የምፈታው ኃጢአት ነው እንጂ የዝይ ክንፍ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንቺ ደግሞ የደበቅሽው የሌላ ፍጥረት በሽታ ነው። ለእኔ የነገርሽኝን ለልጅቷ ንገሪያት።»

«ሰደርያውን ይወስዱብኛል፣ አባ።»

«ይውሰዱት እንጂ።»

ቀላል ነው ለአባ። እሳቸውን መንገድ ላይ ቀና ብሎ የማያያቸው ሰው የለ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሠናይት ለሩሐማ ደወሉ። «ነገ አንድ ሰዓት ላይ ከማናጀርሽ ጋር ወደ አኻያዎቹ ኑ። ከግንዱ በስተኋላ ተቀመጡ፤ እኔ ካልጠራኋችሁ እንዳትነሡ።» ሩሐማ ለምን እንደሆነ ጠየቀች። «ትመጣለች» አሏትና ስልኩን ዘጉት። ከዚያም ከፍሪዘሩ አንድ ጥቅል አወጡ።

ሰኞ ጠዋት ወንዙ በረዶ ከሚቀልጥበት ተራራ በሚመጣው ውኃ ሞልቶ ነበር። ማናጀሯ፣ ጠና ያለች ፈረንጅ፣ ከሩሐማ ጎን ግንዱ ሥር አጎንብሳለች። እትዬ ሠናይት አንገታቸውን አቀርቅረው አልፈዋቸው ወደ ዳሩ ወረዱ። እዚያ ሲደርሱ ሰደርያውን አወለቁ፤ በአራት አጥፈው ድንጋይ ላይ አኖሩት። ለብሰውት ይህን ማድረግ ነውር መሰላቸው። ዳቦውን አወጡ።

«ነይ» አሉ። ውኃው ድምፃቸውን ዋጠው። መዳፋቸውን ዘርግተው ደገሙ። «ነይ፣ ነይ፣ ነይ፤ የማሳረጊያ ልጄ።»

ከደሴቱ ጀርባ አንድ አንገት ብቅ አለ። ቤተሰቡ ሁሉ ከኋላዋ ተከተለ። ማሳረጊያ ውኃው ሲገፋት እየተንጋደደች፣ እየቀዘፈች መጣች፤ ከድንጋዩ ላይ ወጣች፤ ምንም ሳትጠራጠር መዳፋቸው ውስጥ ምንቃሯን ከተተች። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚለው ትዝ አላቸውና ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው። በሌላው እጃቸው ነጠላቸውን ከትከሻቸው ሳቡት፤ አለበሷት፤ ክርስትና እንደሚነሣ ሕፃን ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አደረጓት። ልቧ በክንዳቸው ላይ ይደልቃል። አባትየው ዝይ ዘሎ በክንፉ ቅልጥማቸውን መታቸው፤ ደገማቸው። ንቅንቅ አላሉም። ሲያንሰኝ ነው አሉ በሆዳቸው።

«ኑ!»

ማናጀሯ ሮጣ መጥታ ወፏን ከነነጠላው ተቀብላ ወደ መኪናው ሄደች። ሩሐማ ግን ቆማ ቀረች። መሬት ላይ የወደቀውን ቁራሽ አነሣችው፤ ገልበጥ አድርጋ አዝሙዱን አየችው።

«እትዬ… ዌይት። እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ከየካቲት ጀምሮ። እናትሽ አንድም ቀን እዚህ ረግጣ አታውቅም፤ ትራፊውን ጠቅልላ ትሰጠኝ ነበር እንጂ ጉዳት አለው ብላ አይደለም። እኔም አላወቅሁም። ካወቅሁ በኋላ ግን ዝም አልኩሽ፤ ጥፋቴ እሱ ነው። ይቅር በይኝ።»

ሩሐማ እዚያው ጠጠሩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና እንደ ሕፃን አለቀሰች። «ማሚ ናት ብዬ ነበር። ለማናጀሬ አላሳየኋትም እኮ፤ ባጉን ሎከሬ ውስጥ ነው የደበቅሁት። ጆቤን ባጣስ እያልኩ፣ ማሚን ቢቀጧትስ እያልኩ… ጌታ ሆይ፣ ማሚን ምን አልኳት!»

«በይ አሁኑኑ ደውዪላት።»

ደወለች። እትዬ ሠናይት ላለመስማት ጥቂት ራቅ አሉ፤ «ማሚ፣ ሶሪ፣ ሶሪ» የሚለውን ግን ሰሙ።

ማናጀሯ ተመልሳ ስትመጣ ነጠላውን አጥፋ ሰጠቻቸውና ሰደርያውን ከድንጋዩ ላይ አነሣችው። አልተቆጣችም። ደንብ ስለሆነ በዚህ ዓመት መልሳ ልትሰጣቸው እንደማትችል በሩሐማ አፍ ነገረቻቸው። እትዬ ሠናይት ራሳቸውን ነቀነቁ። ፖሊሲ ማለት ምን እንደሆነ ሃያ ሁለት ዓመት ተምረዋል። የተቀመጡበት አውቶቡስ ድልድዩን ሲሻገር ግን ደረታቸው ባዶ ሆኖ ተሰማቸውና ነጠላውን ሳብ አድርገው ተከናነቡ።

ማኅበሩ ውስጥ ነገሩ ሲነገር ትልቅ ሙግት ተነሣ። አንዷ ወፍ ዳቦ ጎዳት ተብሎ ሰምታ እንደማታውቅ ማለች። ሌላዋ ይህ የፈረንጅ ምቀኝነት ነው አለች። በመጨረሻ ጽጌሬዳ ተነሥታ «ከእንግዲህ የሚበላው ያህል ብቻ ይጋገር፤ የተረፈውን እያንዳንዷ ድርሻዋን ይዛ ትሂድ፣ ቤቷ ትብላ» አለችና ተቋጨ። ዳቦው አነሰ ብላ እስካሁን የምታጉረመርም ግን አልጠፋችም።

ማሳረጊያ ዘጠኝ ሳምንት የተጎዱ አራዊት በሚታከሙበት ቦታ ቆየች። ክንፏ ታሰረ፣ ተፈታ፣ እንደገና ታሰረ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እግሯ ላይ ቀለበት አድርገውላት ወንዙ ላይ ለቀቋት። ሩሐማ ትምህርት ልትጀምር ስትል መነጽሩን አልቀበልም አለች፤ «ይያዙት፤ እርስዎ ቼክ ያድርጉልኝ» አለቻቸው።

እትዬ ሠናይት ከመንገዱ ሳይወጡ፣ ያለ ሰደርያ፣ ያለ ዳቦ ቼክ አደረጉ። መስከረም ላይ አኻያው ቢጫ ሆነ፤ ፔሊካኖቹ ሄዱ። ጥቅምት ላይ አለቃም አንድ ቀን ሳይሰናበት ጠፋ። ዝይዎቹ በየጠዋቱ ለመብረር ይለማመዳሉ፤ በጩኸት ይነሣሉ፤ ቀለበት ያላት ግን ውኃው ላይ ጥቂት ሮጣ ትቀራለች። እትዬ ሠናይት በመነጽሩ ያዩአታል። «አይዞሽ» ይላሉ፤ ድምፅ ሳያወጡ። ኅዳር ሲገባ ዳር ዳሩ መርጋት ጀመረ። አንድ ጠዋት በረዶው ላይ የካዮቲ ዱካ አዩና ቀለበት ያላትን በመነጽሩ እስኪያገኟት ከመንገዱ ላይ አልተነቃነቁም።

ኅዳር ሃያ አንድ ጽዮን እሑድ ላይ ዋለች። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ የዳቦ ድርሻቸውን በፎይል ጠቅልለው ሰጧቸው፤ ትኩስ ነበር፤ በካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ጎናቸውን ያሞቀዋል። ወደ ቤት የሚሄደውን ባቡር ትተው ወደ ወንዙ ወረዱ። ጭሱ እንደ የካቲቱ ነው፤ መሐሉ ይፈሳል፤ ዝይዎቹ ከረጋው ዳር ተኮልኩለዋል።

አንዷ አንገቷን አነሣች። ከመንጋው ተለየችና በበረዶው ላይ ወደ እሳቸው መራመድ ጀመረች። ቀለበቱ እግሯ ላይ ያብለጨልጫል። አድጋለች፤ እንደ ጥንቱ ግን ትንሽ ትንገዳገዳለች። በአሥር እርምጃ ደረሰች፤ በአምስት። ቆማ ዓይናቸውን አየች፤ ከዚያ እጃቸውን።

እትዬ ሠናይት ያቺን ቃል አፋቸው ላይ አገኟት። ነይ። ከዚህ ሁሉ ወር በኋላ የመጣች፣ ያልረሳቻቸው፣ ያልተቀየመቻቸው ልጅ ናት፤ በኪሳቸው ትኩስ ዳቦ አለ፤ ከሩቅ የሚያያቸው ሰው የለም። አንድ ቁራሽ ምን ያደርጋታል? ይህን ሙግት ግን ያውቁታል፤ ምልክቱ ሥር ቆመው የረቱበት ሙግት ነው።

«ሂጂ!» አሉ።

ድምፃቸው ራሳቸውን አስደነገጣቸው። ማሳረጊያ አልገባትም፤ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ሂጂ አልኩሽ! ምንም የለኝም! ሂጂ!» ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈፉና ባየር ላይ አወናጨፉባት፤ ያንኑ ያቀፏትን ነጠላ። እግራቸውን በበረዶው ላይ መቱ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ሲቀዘቅዝ ይሰማቸዋል። ወፏ ጮኸች፤ ዞረች፤ በረጋው ዳር ላይ ሮጠች፤ በሁለቱም ክንፎቿ አየሩን መታች፤ መታች፤ እግሮቿ ከበረዶው ለቀቁ። ከውኃው በላይ ዝቅ ብላ በረረች፤ ከዚያ ከድልድዩ ከፍ አለች። ግራና ቀኟ እኩል ነበር።

እትዬ ሠናይት ከዓይናቸው እስክትሰወር ድረስ ቆሙ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ለበሱ፤ ፎይሉን ከኪሳቸው አውጥተው ፈቱት። «ሐኪሙ ይቅር ይበለኝ» አሉና ዳቦውን በላ በላ አደረጉ፤ እስከ መጨረሻዋ ቁራሽ። ካፖርታቸው ላይ የቀረችውን አንዲት የአዝሙድ ፍሬ በጣታቸው ጫፍ አንሥተው አፋቸው ውስጥ ጨመሯት።